አልነሳም ያሉት ፕሮግራሞችና የደሳለኝ በቅሎ

የተበላሸ ኮምፒውተር ወሬ እንደ ሰው የጥርስ ሕመም ነው። ለባለቤቱ ዓለም ያለቀች ይመስለዋል፤ ለሰሚው ግን ቶሎ ቢያበቃ የሚሻል ጨዋታ ነው። ይህን እያወቅሁ ነው የምነግራችሁ። ትዕግሥት ካላችሁ ቁጭ በሉ። ከሌላችሁም ጥላችሁኝ ብትሄዱ አልቀየምም፤ ሰሞኑን ተለማምጄዋለሁ።

እኔ ጋዜጠኛ ነኝ። ላሊበላ ተቀምጬ ከላስታና ከዙሪያው ለአንድ የአዲስ አበባ ጋዜጣ ዜና እልካለሁ። ሥራውን ብዙ ዘመን ስለሠራሁት በቀላሉ አልደነግጥም። ተኩስ ሲሰማ «ከየት አቅጣጫ ነው?» እላለሁ። ለቅሶ ሲሰማ «ማን ነው? የት?» እላለሁ። ባለቤቴ ይህን ጠባዬን የድንጋይ ልብ ትለዋለች፤ እኔ ማጣራት እለዋለሁ። አንድን ነገር ከሁለት ሰው አፍ ካልሰማሁ አልጽፍም። የተወለድሁበትን ቀን እንኳ የምትናገረው እናቴ ብቻ ስለሆነች እስካሁን እንዳልተጣራ ነው የምቆጥረው።

ኮምፒውተሬ የሚሠራው ሊነክስ በሚባለው ነው። ለማታውቁት፣ ኮምፒውተርን የሚያስነሳና የሚያዝዝ ፕሮግራም ነው። አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ዊንዶውስን ነው፤ ይኼኛው በነፃ የሚገኝና አሮጌ ማሽን የማይከብደው ነው። የጋዜጣችን የኮምፒውተር ባለሙያ ብሩክ «ያንተ ማሽን አርጅቷል፤ ጠንከር ያለ ነገር አይችልም» ብሎ ጫነልኝ። ለሽማግሌ አጥሚት እንደሚታዘዘው መሆኑ ነው። ምልክቱ ፔንግዊን የሚባል ወፍ ነው። የምኖርበት ግቢ ባለቤት መሪጌታ ላእከ መጀመሪያ ያዩት ዕለት ጎንበስ ብለው መረመሩትና፣

«ይኼ ምን የሚሉት ወፍ ነው?» አሉኝ።

«የበረዶ አገር ወፍ ነው፣ መሪጌታ። መብረር አይችልም፤ ይዋኛል።»

«የማይበር ወፍ ዓርማ ያደረገ ዕቃ ሲነሳ ለማየት ያብቃህ» ብለውኝ ወጡ።

ያን ጊዜ ስቄ ነበር።

ነገሩ የሆነው በመጋቢት፣ ዓርብ ጠዋት ነው። ሁዳዴ ስለሆነ ቤቱ ውስጥ የሚቀመስ ነገር የለም፤ ሰው ሁሉ ፊቱ ጠቁሯል። ሰማዩም ዝናብ ልስጥ አልስጥ እያለ አኩርፏል። የዝግጅት ክፍሉን የዜና መላኪያ ፕሮግራም ለማስነሳት ማውዝ በሚሏት አይጧ ሁለት ጊዜ ነካሁት። ትንሿ ክብ ዞረች፣ ዞረች፣ ጠፋች። ከዚያ ምንም። እንደገና ነካሁት። ዞረች፤ ጠፋች። «ተበላሽቻለሁ» አላለኝም፤ «ቆይ» አላለኝም። በር ስታንኳኩ ውስጥ ያለው ሰው ትንፋሹን ውጦ እስክትሄዱ የሚጠብቅበት ዝምታ አለ አይደል? እንደዚያ ያለ ዝምታ ነበር።

ዜናው ቢዘገይ ግድ አልነበረኝም። የሰሞኑ ዜና ቢዘገይ አይሻግትም፤ ከሳምንት በኋላም ያው ነው። ግድ ያለኝ በዚያ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ኮምፒውተሬን ለጎረቤቴ ለደሳለኝ አበድራለሁ ብዬ ቃል መግባቴ ነው።

ደሳለኝ ከእኛ ግቢ ከፍ ብሎ የሚኖር አስጎብኚ ነው። እንግዶችን በበቅሎ ከተራራው አናት ወዳለችው አሸተን ማርያም ያወጣ ነበር። ይህችን «ነበር» የምትባል ቃል እኛ ከተማ ውስጥ ስለ ሥራ ሲወራ ብዙ ትሰሟታላችሁ። በሽታው መጣ፤ ጦርነቱ መጣ፤ የመንገዱ መዘጋትና መከፈት መጣ፤ እንግዳው ግን እንደ ቀድሞው አልመጣም። ደሳለኝ ያለችው አንዲት በቅሎ ናት፤ ግንባሯ ላይ ነጭ ስላላት ቦራ ይላታል። በዚያ ሰሞን ከደጋው ከፍላቂት አንድ የገብስ ገበሬ «አምጣትና ልግዛህ» ብሎት ነበር። በቅሎ የሌለው አስጎብኚ ደግሞ ዳገት ሲያዩት ልባቸው የሚፈሳቸውን ፈረንጆች በጀርባው ካላወጣ በቀር ምንም ማድረግ አይችልም።

ገበሬውን «ትንሽ ታገሠኝ» ያሰኘው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሄልጋ የምትባል ጡረታ የወጣች ጀርመናዊት አስተማሪ፣ በደጉ ጊዜ በበቅሎ አሸተን ያወጣት ሴት፣ ጓደኞቿን ይዛ ልትመጣ እንደምትፈልግ ጽፋለት ነበር። ከመወሰኗ በፊት ግን ፊቱን እያየች በቪዲዮ ልታነጋግረው ፈለገች። የደሳለኝ ስልክ ድንጋይ ላይ ወድቆ ካሜራውም ድምፁም ሄዷል። ስለዚህ የእኔ ኮምፒውተር። እሺ ካለች ቦራ ትቀመጣለች፤ እንቢ ካለች ቦራ ገብስ ትጫናለች።

ደሳለኝ ገና አራት ሰዓት ሳይሞላ መጣ። ፂሙን ተላጭቷል፤ የእንግዳ መቀበያ ጃኬቱን ለብሷል። በቅሎዋንም ይዞ መጥቶ ከመስኮቴ ሥር አሰራት። አጥቧታል።

«እሷን ምን አመጣት?» አልኩት።

«ሄልጋ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስለ እሷ ነው፣ ጋሼ። ስለ እኔ ሁለተኛ ነው።»

የቪዲዮ መደወያውን ፕሮግራም ነካሁት። ክቧ ዞረች፤ ጠፋች።

«አልነሳ አለ» አልኩት።

ደሳለኝ ማሽኑን ዞሮ አየው። «በቅሎ አልነሳ ስትል ጆሮዋን ነው የሚይዟት። የዚህ ጆሮው የቱ ጋ ነው?»

አጠፋሁትና አስነሳሁት። ሊነክስ ራሱ ተነሳ፤ ፔንግዊኑ ተነሳ፤ ፕሮግራሞቹ ግን እዚያው ተኝተዋል። የኢንተርኔት መክፈቻው ብቻ ብቅ አለ፤ እሱም የትኛውንም ገጽ ልክፈት ስለው «ይህ ቦታ አያስተማምንም፤ ተመለስ» አለኝ። አየር ሁኔታ ልይ ስለው አያስተማምንም። የራሴን ጋዜጣ ልይ ስለው አያስተማምንም። እዚህ ላይ እንኳ ሐሳብ ሊኖረው ይችላል ብዬ አለፍኩት።

አዲስ አበባ ብሩክ ዘንድ ደወልኩ። ብሩክ በስልክ ሲያክም እንደ ጥሩ ሐኪም ነው፤ አይቸኩልም። ችግሩ ኔትወርኩ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ከብሩክ አፍ ወጥቶ ላስታ ተራራ ላይ እስኪደርስ ግማሹ ይረግፋል።

«ተርሚናል ክፈት» አለኝ።

ተርሚናል ማለት በአይጥ ሳይሆን በጽሑፍ የሚታዘዝበት ጥቁር መስኮት ነው። እሱ ተከፈተ።

«እዚያ ላይ የፕሮግራሙን ስም ጻፍና ኢንተር የሚለውን ተጫን። በአይጥ ስትነካው ዝም ብሎ ነው የሚሞተው። ከዚያ ሆነህ ስታስነሳው ግን ለምን እንደሚሞት ተናግሮ ይሞታል።»

ይህን ወደድኩት። ሳይናዘዝ የሚሞት ሰው ለቤተሰብም ለጋዜጠኛም ችግር ነው። የመደወያውን ስም ጻፍኩና ተጫንኩ። እውነትም ብዙ ተናዘዘ፤ ጥቁሩ መስኮት በእንግሊዝኛ ሞላ።

«ምን አለ?» አለ ብሩክ።

«ስለ አንድ ሰርተፊኬት ያወራል። ሰርተፊኬቱ ገና አልጸናም ነው የሚለው።»

«የምን ሰር...» አለና ተቋረጠ።

ደሳለኝ ፊቱ ተለወጠ። «ሰርተፊኬት አልክ እንዴ?»

«እንደዚያ ነው የሚለው።»

«የአስጎብኚነት ፈቃዴን አላሳደስኩትም፣ ጋሼ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንግዳ ሳይኖር ምን ብዬ ላሳድሰው? በምን አወቀብኝ ይኼ?»

«ያንተን አይደለም።»

«የማንን ነው ታዲያ?»

አላወቅሁም። ስላላወቅሁም ዝም አልኩ፤ የሥራዬ ደንብ ነው። ግን ልክ እንደ እሱ እኔም የጋዜጠኝነት መታወቂያዬን ከኪሴ አውጥቼ የሚያልቅበትን ቀን እንዳየሁ አልደብቃችሁም። ፈርተን የኖርን ሰዎች ነን፤ ወረቀት ሲጠራ ሁላችንም ኪሳችንን እንዳብሳለን።

ብሩክ መልሶ ደወለ። አሁን የሰጠኝ መድኃኒት ከበድ ያለ ነበር። ፕሮግራሙ የግል ጠባዩን የሚያስቀምጥበት ማኅደር አለ፤ አንዳንዴ እሱ ሲበላሽ ነው የማይነሳው፤ ስሙን ቀይረው፤ ፕሮግራሙ እንደ አዲስ ሰው ይጀምራል አለኝ። ቀየርኩት። ፕሮግራሙ እንደ አዲስ ሰው ጀመረና እንደ አሮጌው ሞተ። ያተረፍሁት ነገር ቢኖር ሁሉንም የይለፍ ቃሎቼን መርሳቱ ነው። እኔም ከረሳኋቸው ቆይቻለሁ፤ እሱን ተማምኜ።

በዚህ መሀል መሪጌታ ላእከ መቋሚያቸውን ይዘው ከበሩ ቆሙ። መሪጌታ የባሕረ ሐሳብ መምህር ናቸው። በዓላትና አጽዋማት መቼ እንደሚውሉ፣ ዓመቱ የየትኛው ወንጌላዊ እንደሆነ በጣታቸው ቆጥረው ይናገራሉ። ብድግ አልን።

«ይባርኩን፣ መሪጌታ።»

«እግዚአብሔር ይባርካችሁ። ተቀመጡ፣ ተቀመጡ። በቅሎ ከመስኮት ሥር ታስሮ ሳይ ማን ሊሄድ ነው ብዬ ነው።»

«ማንም አልሄደም። ፕሮግራሙ አልነሳ ብሎ ነው» አለ ደሳለኝ።

መሪጌታ ፔንግዊኑን አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ።

ብሩክ የመጨረሻውን ሐሳብ ሰጠኝ። «ፕሮግራሙን አጥፍተህ እንደገና ጫነው። መጫኛው ከኢንተርኔት ያወርደዋል» አለኝና ኔትወርኩ ለመጨረሻ ጊዜ ይዞት ሄደ። አጠፋሁት። ማጥፋቱ ያለ ምንም ችግር ተሳካ፤ ማጥፋት መቼም ተሰናክሎ አያውቅም። መጫኑ ላይ ግን መጫኛው ራሱ እንቢ አለ። የሰጠው ምክንያት በሥራ ዘመኔ ካነበብኳቸው የመንግሥትም የግልም መልሶች ሁሉ የተለየ ነው። «ይህ ፋይል ገና አልጸናም» አለና የሚጸናበትን ጊዜ በቀን ቆጥሮ አስቀመጠልኝ። በወረቀት ላይ ወደ ዓመት ብቀይረው ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ገደማ መጣ።

«ምን ይላል?» አሉ መሪጌታ።

«ከሰባት ዓመት ከስምንት ወር በኋላ ተመለሱ ነው የሚለው።»

ደሳለኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ ነበር። «ሌላው መሥሪያ ቤት እንኳ ነገ ና ነው የሚለው።»

«በቅሎን አባትህ ማን ነው ቢሉት አጎቴ ፈረስ ነው አለ» አሉ መሪጌታ። «ያልጠየቅኸውን ነው የሚመልስልህ።»

እኔ ግን ያን ቁጥር ትኩር ብዬ አየሁት። ሥራዬ አንድ ነገር አስተምሮኛል። የሚዋሽ ሰው ክብ ቁጥር ይወዳል። «ሺህ ሰው ነበር» ካላችሁ ተጠራጠሩ። የተሸራረፈ ቁጥር የሚጠራ ግን አንድ ቦታ ቆሞ የቆጠረ ነው። ማሽኑ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ካለ፣ ከአንድ ቀን ተነስቶ ቆጥሮ ነው። ከየት ተነስቶ? ዓይኔን ወደ ማያ ገጹ ጥግ ወሰድኩ። ቀኑ እዚያ ተጽፏል። ጁላይ፣ 2017።

እዚህ ላይ በዋዜማው ከሰዓት በኋላ የሆነውን መናገር አለብኝ፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ከዚህ ጉዳይ ጋር ይገናኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ሐሙስ ዕለት መሪጌታ ስልካቸውን ቻርጅ ሊያደርጉ መጥተው የኮምፒውተሩን ቀን አዩ። «ይኼ ማሽን ዓመቱን ስንት ይላል?» አሉኝ። ሁለት ሺህ ሃያ አምስት አልኳቸው። «ስምንቱን ዓመት ከየት አመጣው?» አሉ። የፈረንጅ አቆጣጠር ነው አልኳቸው። «የተቀመጠው የት ነው? ላስታ አይደለም? የላስታን መብራት እየበላ የማንን ዘመን ነው የሚቆጥር?» አሉኝ። ዓመቱ ሁለት ሺህ ዐሥራ ሰባት፣ ዘመነ ማቴዎስ መሆኑን ጣታቸውን አጥፈው አስረዱኝ።

ስለ ማሽኑ ልከራከራቸው እችል ነበር። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ነገሩ ልክ መሰለኝ። እኔ ለቀን የምጨነቅ ሰው ነኝ። ዜና በጻፍኩ ቁጥር ከማሽኑ ቀን ላይ ስምንት መቀነስ ሰልችቶኛል። «ሰዓትህን ራስህ ከኢንተርኔት አስተካክል» የሚለውን ማብሪያ ማጥፊያ አጠፋሁና በእጄ ሞላሁት። ዓመት፣ 2017። ወር፣ መጋቢት ሰባተኛ ወር ነውና ሰባተኛውን መረጥኩ። ሰባተኛው የእነሱ ጁላይ መሆኑን አየሁት፤ ስሙ ነው እንጂ ተራው ትክክል ነው ብዬ አለፍኩት። ሰዓቱንም ወደ እኛ መለስኩት። መሪጌታ አንድ በአንድ ተቆጣጠሩ። ሲያልቅ «አሁን ሰው ሆነ» አሉ። ሁለት ሰው ያጣራው ትክክለኛ ቀን ነበር። ስህተት አልነበረበትም፤ ማሽኑ ብቻ የፈረንጅ ነው ብሎ አነበበው።

በኢንተርኔት ያለ ነገር ሁሉ ማንነቱን የሚያሳይ ሰርተፊኬት አለው፤ ሰርተፊኬቱም የሚጸናበት ቀን አለው። የእኔ ማሽን ደግሞ ገና ሁለት ሺህ ዐሥራ ሰባት ላይ፣ ለዚያውም በፈረንጆቹ፣ ቆሟል። ለእሱ ከዚያ በኋላ የተሰጠ ሰርተፊኬት ሁሉ ያልተወለደ ሰው ወረቀት ነው። ፕሮግራሞቹ ሲነሱ መጀመሪያ የሚያዩት ያንን ነውና አዩት፣ አላመኑትም፣ ተኙ።

በቅሎ ማሰሪያዋን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ይባላል። እንደዚያ ነው ያደረግሁት።

«ቀኑ ነው» አልኩ።

«የምን ቀን?» አሉ መሪጌታ፤ ወዲያው ገብቷቸዋል።

«ትናንት ያስተካከልነው።»

«ዘመኑ ስህተት ነው ልትለኝ ነው?»

«ኧረ በፍጹም፣ መሪጌታ። ዘመኑ ልክ ነው። ማሽኑ ግን የእኛን አያውቅም፤ በእነሱ ነው የሚያነብበው። እና በእነሱ 2017 ሲባል የኛ ሁለት ሺህ ዘጠኝ ነው።»

«እንግዲያው ያላወቀውን አስተምረው። የማያውቅ ተማሪ ገጠመኝ ተብሎ ቁጥሩ አይፋቅም» አሉና መቋሚያቸውን ተደግፈው ተቀመጡ። መቀየማቸው በግራ ዓይናቸው ይታያል።

ደሳለኝ ወደ ማያ ገጹ ተጠጋ። «ሁለት ሺህ ዘጠኝ?» አለ። «ሐምሌ?»

«አዎ።»

«ሁለት በቅሎ ነበረኝ ያን ጊዜ።» ጣቱን ቀኑ ላይ አኖረ። «በእሱ ቤት አሁን ክረምት ነው ማለት ነው። መስከረም ሊጠባ ነው። ከመስቀል በኋላ እንግዶቹ መምጣት ይጀምራሉ። ገና በዓል ላይ አልጋ ይጠፋል፤ ሰዉ ድንኳን ተክሎ ያድራል።»

ማሽኑን አየሁት። ከመካከላችን ያ ሁሉ ያልደረሰበት እሱ ብቻ ነበር። በሽታውን አልሰማም፤ ጦርነቱን አልሰማም። ሞታቸውን በዜና የጻፍኩት ሰዎች ሁሉ በእሱ ዘንድ ገና በሕይወት አሉ።

«ጋሼ፣ አታስተካክለው» አለ ደሳለኝ። «እሱ እዚህ ከሚመጣ እኔ እዚያ ልግባ።»

ቀልዱ ነው። ግን ከኛ መካከል የሳቀ አልነበረም፤ መሪጌታ እንኳ መቋሚያቸውን ነው ያዩት።

ማብሪያውን መልሼ አበራሁት። ቁጥሮቹ ተወራጩና ወደ ዛሬ ዘለሉ። ሰባት ዓመት ከስምንት ወር በዓይን ጥቅሻ አለፈ፤ ያለ አንድ ቀብር። ያጠፋሁትን ፕሮግራም ለመጫን ሞከርኩ፤ ያለ አንዳች ጥያቄ ተጫነ፤ ደሳለኝም በራሱ የይለፍ ቃል ገባበት። የዜና መላኪያውም ተነሳ። መክፈቻውም ከፈተ። ቀድሞ ዝም ያሉኝ ሁሉ «አቤት! አቤት!» እያሉ ተንጋጉ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ነበር የቀረው።

ሄልጋ በሰዓቷ ደወለች። ፀጉሯ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል፤ ደሳለኝም ሸብቷል፤ ሁለቱም አዩት። መጀመሪያ የጠየቀችው እሱ እንዳለው ስለ በቅሎዋ ነው። ኮምፒውተሩን አንስቼ ወደ መስኮቱ አዞርኩት። ቦራ ወደ ካሜራው አንገቷን ቀና አድርጋ አንድ ጊዜ ጆሮዋን አርገበገበች። ሄልጋ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ከዚያ ወደ ጉዳዩ ገባች። ከጓደኞቿ ጋር ከአንድ ወር በኋላ መምጣት ይፈልጋሉ። ጎንደር ድረስ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በመኪና በፍላቂት በኩል ደጋውን እያዩ ወደ ላሊበላ። «መንገዱ ሰላም ነው?» አለችው።

«ኖ ፕሮብሌም» አለ ደሳለኝ። እንግሊዝኛው ጥሩ ነው፤ ግን አስጎብኚ ሁሉ ከእናቱ ማኅፀን ይዞት የሚወጣው እንግሊዝኛ ይሄ ነው።

ሄልጋ ፈገግ አለች። «እንደዚያ እንደምትለኝ አውቅ ነበር። የምትበደረው ኮምፒውተር የጋዜጠኛ ነው ብለኸኝ ነበር አይደል? እሱ እዚያ አለ? እሱ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።»

ደሳለኝ ወደ እኔ ዞረ። አልለመነኝም። በዓይኑ እንኳ አልለመነኝም፤ ያን ቢያደርግ ይቀለኝ ነበር። መሪጌታ እንግሊዝኛ አይሰሙም፤ ግን ምን እንደተጠየቅሁ ገብቷቸዋል፤ መቋሚያቸውን ማንቀሳቀስ አቆሙ።

ወንበሬን ሳብኩና የማውቀውን ነገርኳት። ባለፈው ሳምንት መንገዱ ክፍት ነበር። ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ለጥቂት ቀናት ተዘግቶ ነበር። ዛሬ ሚኒባሶች ይሄዳሉ። ከአንድ ወር በኋላ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው ፈልጌ አላገኘሁም። ይኼን ስናገር ድምፄ ዜና እንደማነብ ነበር።

«በአውሮፕላን ቀጥታ ላሊበላ ብትገቡስ?» አለ ደሳለኝ። ሄልጋ እጠይቃቸዋለሁ አለች፤ ግን ጓደኞቿ ስለ አገሪቱ በሬዲዮ የሚሰሙት እንደሚያስፈራቸው፣ እሷ ብቻዋን ብትሆን ግን እንደምትመጣ ነገረችን። ለእኔ «ስለ ቅንነትህ አመሰግናለሁ» አለችኝ። «ምናልባት የሚቀጥለው ዓመት» አለችው። ይህን ቃል ላሊበላ ውስጥ የማያውቀው የለም። ደሳለኝ ሳቅ እያለ እጁን አውለበለበላት፤ ማያ ገጹ እስኪጠቁር ድረስ አላወረደውም።

ኮምፒውተሩን ከደንኩት።

«ደሳለኝ» አልኩት።

«አብሽር፣ ጋሼ። እውነት ነው የተናገርከው።» ጃኬቱን አውልቆ ክንዱ ላይ ጣለው። «እኔ ብሆን አልናገረውም ነበር። አንተ ግን አንተ ነህ።»

«ዋሽተህ ቢሆን ኖሮ እስከ ዕለተ ሞቴ እንደ ሰው አላይህም ነበር» አሉኝ መሪጌታ እየተነሱ። «እውነት ስለተናገርህ ደግሞ እስከ ሆሳዕና አላናግርህም።» ይህን ብለው ወጡ። ቃላቸውን ጠብቀዋል፤ እስከ ዛሬ ግቢው ውስጥ ሲያገኙኝ የሚያናግሩት ግድግዳውን ነው።

ደሳለኝ በቅሎዋን እየፈታ ከመስኮቱ በኩል አነጋገረኝ።

«ጋሼ፣ ነገ ጠዋት የፍላቂት መንገድ ምን እንደሆነ ታጣራልኝ?»

«ለምን?»

«የገብሱ ሰውዬ እየጠበቀኝ ነው። ከጋሸና መገንጠያ ወዲያ ያለው ከተዘጋ ሌላ ሳምንት እሄዳለሁ። ክፍት ከሆነ ነገውኑ ነድቼ ልነሳ።»

ጠዋት ተነስቼ ደወልኩ። መጀመሪያ በዚያ መንገድ ለሚመላለስ የሚኒባስ ሹፌር፤ «ኧረ ሰላም ነው፣ ትናንት ማታ ነው የገባሁት» አለኝ። አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አልተጣራም አልኩ። ፍላቂት ገበያ ላይ ለምትነግድ ዘመዴ ደወልኩ። ስትመልስ ቆየች፤ ስልኩ ይጮኻል፣ ይጮኻል፤ ባታነሳው ምንኛ ደስ ባለኝ። አነሳችው። «መንገዱማ ክፍት ነው» አለችኝ፤ «እንዲያውም እንደዚህ ሳምንት ሰላም ሆኖ አያውቅም።» ሦስተኛ ሰው ልጠይቅ ስልኬን አንስቼ ነበር። ከሁለት በላይ ጠይቄ አላውቅም። መልሼ አስቀመጥኩት።

ወጥቼ «ክፍት ነው» አልኩት።

በቅሎዋ ኮርቻ አልነበረባትም። «እግዜር ይስጥልኝ» አለኝና ገመዷን ይዞ ቁልቁል ወረደ፤ መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ተራራው ሸፈናቸው።

ወደ ቤት ገብቼ የዕለቱን ዜና ጻፍኩ። አጭር ነበር፤ ከላሊበላ ወደ ፍላቂት የሚወስደው መንገድ ለተሽከርካሪም ለእግረኛም ክፍት መሆኑን የአካባቢው ምንጮች ገለጹ የሚል። ላክሁት፤ ወዲያው ሄደ። ጥቂት ቆይቶ የዜና አዘጋጁ ደወለልኝ።

«ከአንተ ዘንድ እንዲህ ያለ ደስ የሚል ዜና ከመጣ ቆይቷል» አለኝ። «የምትጨምርበት ነገር አለ?»

የለም አልኩት።